ከጾም ወደ ፍስክ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሰውነት ወደ ምግብ ስለሚመለስበት መንገድ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርት መርሐ ግብር ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)

በሁዳዴ እኩሌታ፣ ብዙዎቻችሁ ገና ምግብ ባልቀመሳችሁበት ሰዓት ስለ ምግብ ልትሰሙ በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርእስ «ጾም ሲፈታ ምን እንብላ?» የሚል ነበር። አዘጋጆቹን አስፈቅጄ ጥያቄውን በጥቂቱ ለውጬዋለሁ። ምን እንብላ ከማለታችን በፊት፣ ከገበታው የቀረበው ሰው ከምን ዓይነት ባዶነት እንደ መጣ ብንጠይቅ ይሻላል። መልሱ ከሰው ሰው ይለያያልና።

በትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴ አልቆ፣ ዶሮ ጮኾ፣ በላይ ጋይንት አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው ጤነኛ ገበሬ ነው። ኀምሳ አምስቱን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየቆየ፣ ከዚያ በኋላ በሽሮ፣ በስልጆ፣ በጎመንና በድንች ጠግቦ ጾሟል። ሁለተኛዋ ከዚሁ ጾም በተጨማሪ አክፍሎት የያዙ እናት ናቸው፤ ከስቅለት ጀምሮ እህልም ውኃም በአፋቸው አልዞረም። ሦስተኛው ጎተራው ጾሙ ሳይገባ የተሟጠጠ ጎረቤት ነው። እርሱም ጾሟል፤ ነገር ግን ጾሙን ባይጾም ኖሮም የሚበላው አልነበረውም። ሦስቱንም ጾመኞች እንላቸዋለን፤ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ዶሮ ወጥ፣ አንድ ዓይነት ጠላ ይቀርባል። በአንደኛው ላይ ጥድፊያ የሚያመጣው ጉዳት የሆድ ቁርጠት ነው። በሁለተኛዋ ላይ ከዚያ ይከፋል። ሦስተኛው ሊሞት ይችላል።

ከአንደኛው እንጀምር፤ ከመካከላችን የሚበዛው እርሱ ነውና። የዚህ ሰው ሰውነት አልተራበም። የተለወጠው የምግቡ ዓይነትና ሰዓቱ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ገብስ አሰር የሞላባቸው ናቸው፤ በአንጀት የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳትም ይህን አሰር እየፈጩ መኖርን ለምደዋል። በአንድ ሌሊት አሰሩ ተነሥቶ ሥጋና ቅቤ ሲተካ፣ አንጀት በመጀመሪያ ይነፋል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ደግሞ ይደርቃል። ዘይት በማይበዛበት የገጠር ገበታ ላይ ለስምንት ሳምንት የቆየ ሰው ሐሞት ከረጢቱም በኀይል መጨመቅን ትቶ ቆይቷል። በቅቤ የተሠራ ወጥ በድንገት ሲደርሰው በኀይል ይኰማተራል። ጠጠር ያለበት ሰው ከሆነ፣ በፋሲካ ማግስት ከቀኝ ጎድኑ ሥር ተነሥቶ ወደ ትከሻው የሚወጋው ሕመም መነሻው ይህ ነው።

ስለ ወተትም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ሲነገር እሰማለሁ። «ሆዴ ወተትን ረሳው» ይባላል። የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው ላክቴስ የተባለ ኢንዛይም በአንድ ጾም የሚጠፋና በአንድ ፍስክ የሚመለስ አይደለም። በጉልምስና መኖሩም አለመኖሩም በዘር የሚወረስ ነው። ኢንዛይሙ የሌለው ሰው ወተት ዘወትር ሲጠጣ ግን የትልቁ አንጀት ሕዋሳት ስኳሩን መፍጨት ይለማመዱለታል። ያ ልማድ ወተት ሲቋረጥ ይደክማል። ስለዚህ የረሱት ሕዋሳቱ ናቸው ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን። ከወተት ይልቅ በእርጎ መጀመር፣ ወተቱንም በትንሽ በትንሹ መጨመር የሚበጀው ለዚህ ነው። ቅቤ ላክቶስ የለውም ማለት ይቻላል፤ የቅቤ ነገር የቅባት ነገር ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚህ ያበጁትን ታውቁታላችሁ፤ ተልባን ማለቴ ነው። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በውኃ ተበጥብጦ ከዶሮው በፊት ይጠጣል። «አንጀት ያርሳል» ይሉታል፤ አነጋገሩ ትክክል ነው። የተልባ ልጋግ ውኃ የሚይዝ የሚሟሟ አሰር ስለ ሆነ የምግቡን ጉዞ ያለዝባል፤ በኋላ የሚመጣውንም ድርቀት ይቀንሳል። ሁለተኛው ጥቅሙ በመጻሕፍት እምብዛም አይጠቀስም፤ ሰውየው ተልባውን ጠጥቶ እስኪጨርስ ጥቂት ደቂቃ ያልፋል፤ ሆዱም የመጥገብን ምልክት መላክ ይጀምራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ተልባ ብዙ ውኃ ይሻል። እንደ ገንፎ ወፍሮ ውኃ ለተጠማ አንጀት ከተሰጠ እርሱ ራሱ ድርቀት ይሆናል።

አሁን አክፍሎት ወደ ያዙት እናት እንለፍ። በእርሳቸው ላይ ሁለት ነገር ደርሷል። አንደኛው የውኃ እጦት ነው። ሁለተኛው በጉበት የተከማቸው ስኳር ማለቁ ነው፤ ይህ ክምችት ከአንድ ቀን እምብዛም አያልፍም። ከዚያ በኋላ ጉበት ከፕሮቲንና ከሌሎች ነገሮች አዲስ ስኳር እየሠራ አንጎልን ይመግባል፤ ስብም ተቃጥሎ ኬቶን የሚባል ነዳጅ ይሆናል። ሰውነት ይህን ጥበብ በሚገባ ያውቀዋል፤ ለጤነኛ ጎልማሳ ሁለትና ሦስት ቀን ከዐቅም በላይ አይደለም።

አደጋው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ቀድሞ አረቄ ሲቀዳ ነው። አልኮል ጉበትን አዲስ ስኳር ከመሥራት ያግደዋል። የተከማቸው አልቋል፤ አዲስ የሚሠራውም ተከለከለ፤ የደም ስኳር በፍጥነት ይወርዳል። ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባዥራል፤ ቤተሰቡም «በባዶ ሆዱ ስለ ጠጣ ሰከረ» ብሎ ያስተኛዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከስካሩ በላይ የስኳር እጦት አለበት፤ ተኝቶም ላይነቃ ይችላል። በዓልን ያለ መጠጥ አክብሩ ልላችሁ አልመጣሁም። መጠጡ ከምግቡ በኋላ፣ ሰዓታት አልፎ ይምጣ እላለሁ።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ30ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ግብፃዊ ታስታውሱታላችሁ። ጌታው ስለ ታመመ በምድረ በዳ ጥሎት ሄዶ፣ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት እንጀራም ውኃም ሳይቀምስ የዳዊት ሰዎች አገኙት። የሰጡትን ዝርዝር ተመልከቱ፤ እንጀራ፣ ውኃ፣ ጥቂት የበለስ ጥፍጥፍና ሁለት የዘቢብ ዘለላ ነው። ዘማቾቹ ሥጋ አላረዱለትም። እስላም ወገኖቻችን በረመዳን ኢፍጣርን በተምርና በውኃ መጀመራቸውም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው፤ የእነርሱ ጾም በየዕለቱ የሚፈታ ስለ ሆነ ግን እዚህ አልዘረዝረውም።

አክፍሎት ለያዘ ሰው የምመክረው አጭር ነው። መጀመሪያ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ፤ ከዚያ ቀጭን ተልባ ወይም ለብ ያለ አጥሚት፤ ከሰዓት ያህል በኋላ ትንሽ እንጀራ በመረቁ። ሥጋው ለረፋድ ይቆይ። ቡናውም ቢሆን ሆድ አንድ ነገር ከያዘ በኋላ ይሁን።

ይህን ንግግር እንድቀበል ያደረገኝ ግን ሦስተኛው ሰው ነው።

ከተራበ ሰው አካል ውስጥ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የተባሉት ማዕድናት፣ እንዲሁም ታያሚን የምንለው ቫይታሚን ቢ1 ለሳምንታት እየተመናመኑ ይሄዳሉ። አሳሳቹ ነገር በደም ምርመራ ላይ መጠናቸው ደኅና ሊመስል መቻሉ ነው፤ ጉድለቱ በሕዋሳቱ ውስጥ ነው። ይህ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ እንጀራ፣ ዳቦና ማር ሲበላ ኢንሱሊኑ በድንገት ከፍ ይላል። ኢንሱሊን ስኳሩን ወደ ሕዋስ ሲያስገባ በደም ውስጥ የቀሩትን ጥቂት ማዕድናት አብሮ ይጠርጋቸዋል። ስኳሩን ለማቃጠል የሚያስፈልገው ታያሚንም ያልቃል። ያን ጊዜ በረኀብ የሳሳ ልብ ምቱ ይዛባል፣ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይዝላሉ፣ ሰውነት ጨውና ውኃ ይይዛል፣ እግር ያብጣል፣ ሰውየው ግራ ይጋባል። ይህ ብዙውን ጊዜ ምግብ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ውስጥ ይታያል። ሐኪሞች ሪፊዲንግ ሲንድሮም ይሉታል፤ እኔ ዳግም የመመገብ ቀውስ እለዋለሁ። ሰውየው ረኀቡን ተቋቁሞ ሳለ በጥጋቡ ይወድቃል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ70 ኢየሩሳሌም ተከባ በተራበች ጊዜ፣ ከከተማይቱ አምልጠው በሮማውያን ሰፈር ምግብ ያገኙ ሰዎች ያለ ልክ በልተው እንደ ሞቱ፣ የተረፉት ምግብን በጥቂት በጥቂቱ ማስለመድ ያወቁት እንደ ነበሩ የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ ጽፏል። (በእኛ ሀገር ዜና አይሁድ ወይም ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን የሚባለው የግእዝ መጽሐፍ የተገኘው ከዚሁ ሰው ታሪክ ከመነጨ ድርሰት ነው።) እ.ኤ.አ. በ1945 የበርገን ቤልዘን ማጎሪያ ነጻ ከወጣ በኋላ ከ13,000 በላይ እስረኞች ሞተዋል። ዋናው ገዳይ ታይፈስና የረኀቡ ጉዳት ቢሆንም፣ ወታደሮቹ በርኅራኄ ያደሉት ቅባት የበዛበት የጦር ስንቅ ያልቻሉትም ነበሩ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ አንሴል ኪስ የተባለው ተመራማሪ 36 በጎ ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንት በድንች፣ በሥራ ሥርና በዳቦ በግማሽ ሆድ አቆይቶ እንዴት እንደሚያገግሙ ተከታተለ። ያለ ገደብ መብላት ሲፈቀድላቸው ከመካከላቸው አንዱ ከልክ በላይ በልቶ ሆዱ በሐኪም ቤት መታጠብ ግድ ሆኖበታል። እነዚህ ከዚያ በፊት ጤነኞችና ጠንካሮች የነበሩ ወጣቶች ናቸው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ ማገገም ጊዜ እንደሚፈልግ 1977 ዓ.ም. በመራራ መንገድ አስተምሮናል። ከጋይንት በስተ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በእብናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተረጂ የተሰበሰበበት መጠለያ ነበር። በዚያ ዓመት በሚያዝያ፣ ከፋሲካ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በባለ ሥልጣናት ትእዛዝ ተበተነ፤ ጎጆዎቹ ተቃጠሉ፤ ሰዉም ወደየመጣበት በእግሩ እንዲሄድ ተደረገ። ፖለቲካውን ለታሪክ ክፍል ባልደረቦቼ እተዋለሁ። ከምግብ ሳይንስ አንጻር ግን ገና ያላገገመን ሰው ደረቅ እህል አሸክሞ ተራራ ማስወጣት ሕክምናውን በመካከል ማቋረጥ ነው። ጥሬ እህል የሚበስልበት፣ በትንሽ በትንሹ የሚቀርብበት፣ ተቅማጥና ኩፍኝ የሚታይበት ቦታ ያስፈልገው ነበር።

የዛሬው ሕክምና ይህን ሁሉ ከትቶ ይዟል። በጽኑ የተጎዳና ሌላ ሕመም የተጨመረበት ሕፃን ወደ ጤና ተቋም ሲገባ በመጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ 75 የተባለ ወተት ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ አለው፤ ፕሮቲኑም ከ1 ግራም ያነሰ ነው። መጀመሪያ በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ይሰጣል። የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስና እብጠቱ መጉደል ሲጀምር ነው ወደ ኤፍ 100 ወይም በሕዝቡ ዘንድ ፕላምፒ ነት ተብሎ ወደሚታወቀው የለውዝ ቅባት የሚሻገረው፤ የአንዱ እሽግ ጉልበት 500 ኪሎ ካሎሪ ነው። የብረት ማዕድን እንኳ በመጀመሪያው ሳምንት አይሰጥም። ለአዋቂዎችም እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት መመሪያ፣ ከአምስት ቀን በላይ ምግብ ያልቀመሰ ሰው ለአደጋ የተጋለጠ ሆኖ ይቆጠራል። እጅግ ለተጋለጠው በሐኪም ክትትል በቀን በክብደቱ ኪሎ ከ10 ኪሎ ካሎሪ ባልበለጠ እንዲጀመር ያዛል። 45 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 450 መሆኑ ነው፤ ከአንድ ሙሉ እንጀራ እምብዛም አይርቅም። ይህን ቁጥር የጠቀስሁት ማንም በቤቱ የተራበን ሰው በሚዛን እንዲመግብ አይደለም። የተራበን ሰው ፈርቶ አለመመገብም ይገድላል። ጥንቃቄው በአንድ ጊዜ በሚቀርበው መጠን ላይ ነው።

እስካሁን የፋሲካን ምሳሌ ስሰጥ ቆየሁ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የፍልሰታ ፍቺ ነው። ሁዳዴ ሲፈታ ብዙ ቤት የመኸሩ እህል ትራፊ ይኖረዋል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ዘር ከተዘራ በኋላ፣ እሸት ሳይደርስ። በደጋው ድንች ከእህል ቀድሞ ይደርሳልና የነፋስ መውጫ ዙሪያ ሰው ይደገፍበታል። በስማዳና በታች ጋይንት ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ ግን ይህ የለውም። እነዚህ ወረዳዎች በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር የታቀፉት በከንቱ አይደለም። በላዩም ላይ ፍልሰታ ሕፃናት ከሁሉ ጾም አብልጠው የሚወዱት፣ ለመቁረብ የሚሽቀዳደሙበት ጾም ነው። ስለዚህ ነሐሴ 16 ቀን ከገበታ የሚቀርበው ልጅ ዐሥራ አምስት ቀን የጾመ ነው ወይስ ከሰኔ ጀምሮ የጎደለበት? በዐይን ብቻ መለየት ያስቸግራል፤ ያበጠ ፊትና እግር ወፍራም ያስመስላልና።

የመለያው ዘዴ ግን ቀላል ነው። ሁለቱንም የእግር ጀርባ በአውራ ጣት ሦስት ሰከንድ ያህል ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው። ጎድጉዶ ከቀረ እብጠት አለ። ከስድስት ወር በላይና ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጽኑ ጉዳት ነው፤ የመለኪያው ጥብጣብ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅ አለ። ከሁለቱ አንዱ የታየበት ልጅ ዕለቱን ወደ ጤና ኬላ ይሂድ። ደክሞ የዛለ ልጅ እስኪደርስ ድረስ በሙቀት ይያዝ፤ መዋጥ ከቻለ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በ50 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው። ለታመመ ቤተ ክርስቲያን የጾምን ሥርዓት እንደምታቀል የታወቀ ስለ ሆነ፣ የንስሐ አባቶች በዚህ ጉዳይ ከሐኪም ቀድመው የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። በእኔ አስተያየት የጤና ባለሙያዎቻችን ከእነርሱ ጋር መነጋገር ያለባቸው በሐምሌ ነው፤ በነሐሴ አጋማሽ ይዘገያል።

ሁለት ነገሮችን በአጭሩ ልንካ። የስኳር በሽተኛ፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ፣ በጾሙ ወቅት መጠኑ ተቀንሶለት ከነበረ ፍስክ ሲገባ እንደ ገና ከሐኪሙ ጋር ይተያይ፤ በግምት አይጨምር። ጥሬ ሥጋን በተመለከተም የኮሶ ትል እንቁላል ከሰው ወደ ግጦሽ፣ ከግጦሽ ወደ በሬ፣ ከበሬ በቁርጥ ወደ ሰው እንደሚዞር ሁላችሁም ተምራችኋል። ታምሞ የወደቀ ከብት «ሳይሞት ደረስንበት» ተብሎ ለቅርጫ ሲታረድ ደግሞ አባሰንጋ ይመጣል፤ ያን ሥጋ ማብሰል እንኳ አራጁንና በላቹን አያድንም።

ከጥያቄዎቹ መካከል አንዱን መዝጋቢዎቹ እንዲያስቀሩት ጠይቄያለሁ። አንዲት የእስቴ ልጅ የሆነች የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንዲህ አለች፦ «መምህር፣ የነገሩን ይገባኛል። ነገር ግን ችግረኛ ጎረቤታችን በፋሲካ ሌሊት ቢመጡ ለእርሳቸው አጥሚት፣ ለእኛ ዶሮ ማቅረብ ነውር ነው። እናቴ ይህን አታደርገውም።»

እናትሽ ልክ ናቸው፤ እኔም አላደርገውም። የእኛ የፍስክ ዘመን ግን ኀምሳ ቀን ነው፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የሚያጣድፍ የለም። ተልባው ለሁሉም ይቅረብ፤ ቤተሰቡም አብሮ ይጠጣ፤ ያን ጊዜ የተለየ ሰው አይኖርም። ከዶሮው መረቁን በትንሽ እንጀራ ፈትፍታችሁ መጀመሪያ ለእርሳቸው አጉርሱ። ዕንቁላሉና ብልቱ በሳህን ተከድኖ ስማቸው ይጠራበት፤ የእርሳቸው ድርሻ ነው። ጠላውን አዘግዩት። ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ እንደ ገና ጥቂት፣ ማታም ጥቂት ይብሉ። በማግስቱ ጥሯቸው፤ በሦስተኛውም ቀን ጥሯቸው፤ የቤቱ ልጅ ሄዳ እግራቸው አብጦ እንደ ሆነ፣ ልባቸው ይመታ እንደ ሆነ፣ ትንፋሽ ያጥራቸው እንደ ሆነ ትጠይቅ። ከእነዚህ አንዱ ካለ መካነ ኢየሱስ ሐኪም ቤት አለ። ከሌለ፣ እስከ ዳግማ ትንሣኤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ ከመሶቡ አታርቋቸው።